ሰሙ ክብር፣ ወርቁ ኀፍረት

አንድ መንግሥት ባሕር ተሻግሮ የገባበትን ጦርነት ሕዝቡ በጠላው ጊዜ፣ ጦሩ ይመለስ ወይስ አይመለስ ተብሎ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የመንግሥት መሪዎችና የጦር አለቆች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቈጠራል። ነገር ግን ክርክር የሚደረገው በቃል ነው፤ ቃልም በተነገረበትና በተጻፈበት ስፍራ ሁሉ ቃልን የሚመረምር ሰው ድርሻ አለው። ስለዚህ በዚህ ዐምድ ግጥምና ድርሰት እንደሚመረመር ሁሉ፣ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በቬትናም ስላደረጉት ጦርነት ከተጻፉትና ከተነገሩት ጥቂቱን አንሥተን እንመረምራለን። ዓመቱንና ወሩን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ይህ ጦርነት ካለቀ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሆኖታል። ያለፈ ነገር ስለ ምን ይነሣል የሚል ቢኖር፣ መልሳችን ይህ ነው። በብዙ ጦርነት ለሕዝብ የተነገረው ቃል ይቀራል፤ በዝግ ቤት የተጻፈው ግን ወይ ይቃጠላል፣ ወይ በመዝገብ ቤት ተቀብሮ ይኖራል። በዚህ ጦርነት ግን ሁለቱም ተገኝተዋል። የጦር ሚኒስትሩ ሚስተር ሮበርት ማክናማራ በ1967 የጦርነቱ ታሪክ ከምሥጢር ወረቀቶች ተሰብስቦ እንዲጻፍ አዘዙ፤ በሥራው ከተካፈሉት አንዱ ሚስተር ዳንኤል ኤልስበርግ ቅጂውን ለጋዜጣ ሰጡ፤ ኒውዮርክ ታይምስም ከጁን 13 ቀን 1971 ጀምሮ ያወጣው ጀመር። ከዚያም ወዲህ ብዙ ሌላ ወረቀት ታትሞአል። ስለዚህ ለሕዝብ የተነገረውን በአንድ እጅ፣ በዝግ ቤት የተጻፈውን በሌላው እጅ ይዞ ማመዛዘን ይቻላል። እንዲህ ያለ ዕድል ለመርማሪ ብዙ ጊዜ አይገጥመውም።

የምንመዝንበትንም መስፈርት አስቀድመን እንናገር። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰምና ወርቅ ማታለያ አይደለም። ባለቅኔው ወርቁን በሰም የሚሸፍነው ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው ነው እንጂ እንዳያገኘው አይደለም። መምህሩም ተማሪውም በሰሙ ውስጥ ወርቅ እንዳለ ያውቃሉ፤ ምሥጢሩ በተፈታ ጊዜም ባለቅኔው ይመሰገናል እንጂ አያፍርም። ወርቁ ሲገኝበት የሚያፍር ሰው ቢኖር ግን የተናገረው ቅኔ ሳይሆን ሽንገላ ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ሰሙ ምንድር ነው? ወርቁስ ምንድር ነው? ደራሲውስ ወርቁ ቢገለጥ ያፍር ነበርን?

የነገሩ መነሻ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1954 ፈረንሳዮች በዲየን ቢየን ፉ ድል ከሆኑ በኋላ ቬትናም በጄኔቭ ስምምነት ለጊዜው ሰሜንና ደቡብ ተብላ ተከፈለች። አሜሪካም የደቡቡን መንግሥት በገንዘብና በመካሪ መኰንኖች ስትረዳ ቈየች። በኦገስት 7 ቀን 1964 የአሜሪካ ምክር ቤቶች ለፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጦር ኀይል እንዲጠቀሙ ሥልጣን ሰጡ፤ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 88 ሰዎች ደገፉ፣ ሁለት ብቻ ተቃወሙ፤ በሕግ መምሪያው ደግሞ 416 ደግፈው የተቃወመ አንድ ስንኳ አልነበረም። በማርች 8 ቀን 1965 የመጀመሪያው ተዋጊ እግረኛ ጦር በዳናንግ ወረደ። በ1969 የጦሩ ቍጥር ከ540,000 በላይ ደርሶ ነበር።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ጦሩ ዳናንግ ከወረደ 16 ቀን በኋላ፣ በማርች 24 ቀን 1965 የተጻፈ የማስታወሻ ወረቀት ነው። የጻፉት ሚስተር ጆን ማክናውተን ቀድሞ የሕግ መምህር የነበሩ፣ በዚያን ጊዜ የጦር ሚኒስትሩ ረዳት የሆኑ ሰው ናቸው። በዚህ ወረቀት ላይ አሜሪካ በቬትናም የምትዋጋበትን ምክንያት እንደ ነጋዴ ሒሳብ በመቶኛ ከፋፍለው አስቀመጡት። ከመቶ 70 እጁ አሜሪካን ከሚያዋርድ ሽንፈት ለማዳንና ስሟን ለመጠበቅ፤ 20 እጁ የደቡብ ቬትናም ምድር በቻይና እጅ እንዳይገባ፤ 10 እጁ የደቡብ ቬትናም ሕዝብ የተሻለና ነጻ ኑሮ እንዲኖር። ከዚህም አልፈው፣ ወዳጅን መርዳት ከምክንያቶቹ ውስጥ እንደማይቈጠር ለይተው ጻፉ።

ሁለት ሳምንት ቈይቶ፣ በኤፕሪል 7፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቆመው ለሕዝብ ንግግር አደረጉ። በዚያ ንግግር አሜሪካ ለራሷ ምንም እንደማትሻ፣ የምትዋጋውም የደቡብ ቬትናም ሕዝብ አገሩን በገዛ ፈቃዱ እንዲመራ ብቻ እንደ ሆነ፣ ለወዳጅም የተሰጠ ቃል ሊጠበቅ እንደሚገባ አስረዱ። ንግግሩ እንደ ንግግር ጥሩ ነው፤ የሜኮንግን ወንዝ ለማልማት ስለሚደረግ ታላቅ ርዳታም የተስፋ ቃል አለበት፤ አሰካኩ የተዋበ፣ ርኅራኄ ያለው ነው። ነገር ግን ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያኖረ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። በዝግ ቤት 10 እጅ የነበረው ምክንያት በአደባባይ መቶ ሆነ፤ በዝግ ቤት 70 እጅ የነበረው ግን እንደ ዋና ምክንያት ሳይጠራ ቀረ። ሰሙ የወዳጅ ነጻነትና የአገር ክብር ነው፤ ወርቁ ኀፍረትን መፍራት ነው።

እኛ በአማርኛችን ለዚህ ነገር የቈየ ስም አለን፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይባላል። መንገዱ እንደማያዋጣው ያወቀ፣ ነገር ግን ተመለሰ እንዳይባል ወደ ፊት የሚሄድ ሰው የሚነገርበት ቃል ነው። ሚስተር ማክናውተን በ70 እጅ የገለጡት ነገር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እኛ በሰው ላይ የምንናገረውን እርሳቸው በመንግሥት ላይ መጻፋቸው ነው።

እዚህ ላይ ለመፍረድ እንዳንቸኵል ያስፈልጋል። ኀፍረትን መሸሽ ለመንግሥት ከንቱ ምክንያት ነው አንልም። የታላቅ መንግሥት ቃል ከታጠፈ ሌላው ወዳጅ ይጠራጠራል፣ ጠላትም ይደፍራል የሚለው ሐሳብ ክብደት አለው፤ ብዙ አስተዋዮችም ከልባቸው አምነውበት ነበር። ሚስተር ማክናውተንንም ልናመሰግናቸው የሚገባ ነገር አለ፤ ቢያንስ ለአለቃቸው እውነቱን ጽፈዋል። ጥፋቱ ምክንያቱ መኖሩ ሳይሆን ሌላ ስም መልበሱ ነው። ስሙ ያልተጠራ ነገር ዋጋ ሊወጣለት አይችልምና። የምንዋጋው ለደቡብ ቬትናም ሕዝብ ነጻነት ነው ከተባለ፣ ለዚያ ነጻነት ስንት ሰው ሊሞት ይገባል የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ የለም፤ የነጻነት ዋጋ ወሰን የለውምና። የምንዋጋው እንዳናፍር ነው ቢባል ግን፣ ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የሚልክ አባት ወዲያው «ይህ ኀፍረት ስንት ልጆች ያወጣል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው እንዳይጠየቅ ያደረገው ሰሙ ነው።

ሁለተኛው ጽሑፍ የውጭ ጉዳይ ሁለተኛ ሹም የነበሩት ሚስተር ጆርጅ ቦል በጁላይ 1 ቀን 1965 ለፕሬዚዳንቱ ያቀረቡት ማስታወሻ ነው። ሚስተር ቦል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአየር ድብደባ በጀርመን ላይ ያመጣውን ውጤት ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ስለ ነበሩ፣ በቦምብ ብቻ የሕዝብን ልብ መስበር እንደማይቻል ያውቁ ነበር፤ ከፈረንሳዮችም ጋር በሕግ ጠበቃነት ስለ ሠሩ ፈረንሳይ በቬትናም የደረሰባትን በቅርብ አይተዋል። ጽሑፋቸው ጌጥ የለውም፤ የሚያስለቅስ ቃል፣ የሚያስቈጣ ቃል አይገኝበትም። የሙግቱ አካሄድ ግን እጅግ የተደነቀ ነው። የኀፍረትን ምክንያት አልናቁትም፤ ይልቁንም ተቀብለውት በራሱ ሚዛን መዘኑት። ብዙ ጦር ከገባና ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ግቡን ሳያደርሱ መተው የማይቻል ይሆናል አሉ፤ ስለዚህ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ከድል ይልቅ ውርደት የሚገኝ መሆኑን ገልጠው፣ ዛሬ በጥቂት ኀፍረት መውጣት ነገ በብዙ ኀፍረት ከመውጣት ይሻላል ብለው ደመደሙ።

በዚያው ወር በ21ኛው ቀን በፕሬዚዳንቱ ቤት ጉባኤ ሲደረግ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩትም ጨምረው ሦስት ፕሬዚዳንቶች የሰጡት ቃል ቢታጠፍ አገሪቱ እምነት አታጣምን ብለው ጠየቋቸው። ሚስተር ቦልም ከዚያ የሚከፋው የዓለም ታላቁ ኀይል ጥቂት ሽምቅ ተዋጊዎችን ማሸነፍ አለመቻሉ ሲታይ ነው ብለው መለሱ። ከሳምንት በኋላ፣ በጁላይ 28፣ በቬትናም ያለው ጦር ከ75,000 ወደ 125,000 ከፍ እንደሚል ፕሬዚዳንቱ ለሕዝብ አስታወቁ።

የነገሥታትን መጽሐፍ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ አክዓብና ሚክያስን ሳያስታውስ አይቀርም። ንጉሡ ወደ ሬማት ዘገለዓድ ልውጣን ብሎ በጠየቀ ጊዜ አራት መቶ ነቢያት ውጣ አሉት፤ ሚክያስ ብቻ የንጉሡን ጥፋት ተናገረ። ሚስተር ቦልን ከሚክያስ ጋር የሚያመሳስላቸው ብቸኝነታቸው ነው። የሚለያያቸው ግን ከዚህ ይበልጣል። ሚክያስ የተናገረው በከተማይቱ በር አደባባይ፣ ሕዝቡም እንዲሰማ ነው፤ ስለዚህም በጥፊ ተመታ፣ ወደ ግዞት ቤትም ገባ። ሚስተር ቦል የተናገሩት ግን በዝግ ቤት ነው፤ ማንም አልመታቸውም፤ እንዲያውም ተቃዋሚ ሐሳብም ይሰማል እንዲባል ወንበራቸው ተጠብቆላቸው ኖረ። በ1966 ሥልጣናቸውን በለቀቁ ጊዜም በአደባባይ አልጮኹም። ያ ማስታወሻ ለሕዝብ የታተመው በ1971 ነው። እንግዲህ ስለ ሚስተር ቦል ጽሑፍ የምንፈርደው እንዲህ ነው፤ ወርቁ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ወርቁ በሣጥን ተቈልፎ የቈየ ነው። ሌላም ጉድለት አለበት። በሚዛኑ ላይ የአሜሪካ ኀፍረት፣ የአሜሪካ ስም፣ የአሜሪካ ሙታን ይመዘናሉ፤ የቬትናም ገበሬ ግን ከሚዛኑ ወጥቶ ይቀራል።

በአደባባይ የተነገረው የመልካም ክርክር ምሳሌ በ1966 ተገኘ። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሚስተር ዊልያም ፉልብራይት ዋና ዋና አዋቂዎችን ጠርተው በጉባኤ አስመሰከሩ። በፌብሩዋሪ 10 ከቀረቡት አንዱ በሞስኮ አምባሳደር የነበሩት ሚስተር ጆርጅ ኬናን ናቸው። የምስክርነታቸው ፍሬ ነገር፣ የማያዋጣ አቋምን በድፍረት ትቶ መውጣት የማይደርሱበትን ግብ በግትርነት ከማሳደድ ይልቅ በዓለም ዘንድ የሚያስከብር ነው የሚል ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ እርሳቸው ክብር የሚለውን ቃል ለተቃዋሚዎቻቸው አልተዉላቸውም። ክብር መቈየት ብቻ ነው የተባለውን ፈትተው፣ መመለስም ክብር ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ይህ በክርክር ሙያ ከፍ ያለ ሥራ ነው፤ የተጋጣሚን ቃል ሳይሰብሩ ወደ ቀድሞ ትርጕሙ መመለስ ነውና። ይሁን እንጂ ያን ዕለት አንድ የቴሌቪዥን ኩባንያ ምስክርነቱን ትቶ አስቀድሞ የታየ የቀልድ ትርኢት ደግሞ አሳየ፤ የዜናው ክፍል አለቃም ስለዚህ ነገር ሥራቸውን ለቀቁ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር 19 ከቨርሞንት የተመረጡት ሚስተር ጆርጅ ኤይክን የተናገሩት ንግግር ደግሞ ለቅኔ አዋቂ ልዩ ጣዕም አለው። ሰዎች ሲያወሩት «አሸንፈናል ብለን አገራችን እንግባ» ብለዋል ይላሉ። የተናገሩት ከዚህ ይልቅ የተጠነቀቀና የተመጠነ ነበር፤ የአሜሪካ ጦር የአብዛኛውን ሜዳ የበላይነት ስለ ያዘ ጠላትም በደቡቡ ላይ ሥልጣኑን ሊያቆም ስላልቻለ፣ በዚህ ትርጕም ድል ተገኝቷል ብሎ መግለጥና ጦሩን ቀስ በቀስ ማሰባሰብ ይቻላል የሚል ነው። ይህም ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ ድል፣ ወርቁ መመለስ። ታዲያ የጆንሰንን ሰም ነቅፈን የኤይክንን ልናመሰግን እንችላለንን የሚል ይኖራል። እኛም በመስፈርታችን እንመልሳለን። የኤይክንን ወርቅ ያልተረዳ ሰሚ አልነበረም፤ ተናጋሪውም ወርቁ ቢገኝበት የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ ለዚያ ሰም ሲባልም አንድ ሰው ስንኳ እንዲሞት አልተጠየቀም። ለጆንሰን ሰም ግን ወጣቶች በየሳምንቱ ይሞቱ ነበር። የሁለቱ ሰም ልዩነት በውበት አይደለም፤ ማን ዋጋውን ይከፍላል በሚለው ነው።

እስከዚህ ያየናቸው ሁሉ የአገር ጥቅም አስተዋዮች ናቸው። በኤፕሪል 4 ቀን 1967 በኒውዮርክ በሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን የተሰማው የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ስብከት ግን ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ነው። ሌሎቹ «ለእኛ ምን ይበጀናል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሰባኪው «እነርሱስ ምን ይሉናል?» ብሎ ጠየቀ። መንደሩ የተቃጠለበት፣ እርሻው የተመረዘበት የቬትናም ገበሬ ነጻ አውጪ ነኝ የሚለውን ወታደር በምን ዐይን ያየዋል አለ። በማክናውተን ሒሳብ 10 እጅ የነበረው ሕዝብ በዚህ ስብከት መጀመሪያ ስፍራ አገኘ። ቍጣ ብቻም አልተናገረም፤ ድብደባው እንዲቆም፣ የውጭ ጦር ሁሉ የሚወጣበት ቀን እንዲቈረጥ፣ የሚፈጸሙ ነገሮችን አንድ በአንድ አመለከተ። ነቀፋ የለበትም አንልም። ሰሜኖቹና ሽምቅ ተዋጊዎቹ ጻድቃን እንዳልሆኑ በመጀመሪያ ላይ ቢናገርም፣ ከዚያ በኋላ በእነርሱ እጅ ስለ ሞተው ገበሬ የሚገባውን ያህል አልተመለሰበትም። ቢሆንም ሰምና ወርቁ አንድ የሆነ፣ የሚሸፍነው ነገር የሌለው ንግግር ይህ ነው። ስለዚህም በብርቱ ተነቀፈ፤ በፊት ያከብሩት የነበሩ ታላላቅ ጋዜጦች የማያገባው ነገር ውስጥ ገባ ብለው ጻፉበት። ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በጥይት ተገደለ።

በ1969 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሲገቡ ብዙው ሰው ጦርነቱ እንዲያልቅ ይሻ ነበር። በኖቬምበር 3 ያደረጉት ንግግር በክርክር ጥበብ ከሁሉ የበረታ ነው፤ ስለዚህም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ተቃዋሚዎቻቸው የሚሹትን መውጣት «ችኩል» በሚል ቅጽል ቀጠሉት። ቅጽሉ ከስሙ ጋር ሲጣበቅ፣ መውጣት ሁሉ ችኮላ መሰለ፤ ወታደሩ ከገባ ዓመታት ማለፋቸውም ተረሳ። ከዚያም ዝም ያለውን ብዙኀኑን ሕዝብ ለድጋፍ ጠሩ፤ ዝም ያለ ሰው አልደግፍም ሊል አይችልምና ይህ ብልኀት ነው። በመጨረሻም አሜሪካን ሊያዋርዱ የሚችሉ ቬትናሞች ሳይሆኑ አሜሪካውያን ራሳቸው ናቸው አሉ። በዚህ ቃል የ70 እጁ ወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ብልጭ አለ፤ ነገር ግን ለመመዘን ሳይሆን ተቃዋሚውን ለመክሰስ ወጣ። ኀፍረቱ ከጦርነቱ ላይ ተነሥቶ ጦርነቱ ይቁም በሚለው ሰው ራስ ላይ ተጫነ።

ለዚህ ንግግር መልስ የሚሆን ቃል ከሁለት ሰዎች ተሰማ። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1970 ጦሩ ተጠቃሎ የሚወጣበትን ቀን የሚወስን ሕግ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የነዱት ሚስተር ጆርጅ መክገቨርን ባልንጀሮቻቸውን ፊት ለፊት፣ ለሞቱት ወጣቶች እያንዳንዳችን በከፊል ተጠያቂዎች ነን፤ ይህ አዳራሽም ደም ደም ይሸታል የሚል ነገር ተናገሩ። ሕጉ በ55 ተቃውሞና በ39 ድጋፍ ወደቀ። በኤፕሪል 22 ቀን 1971 ደግሞ ከጦርነቱ የተመለሰ የ27 ዓመት ወጣት መኰንን ጆን ኬሪ በኮሚቴው ፊት ቀርቦ፣ ለስሕተት የመጨረሻው ሟች ሁን ተብሎ ሰው እንዴት ይጠየቃል የሚል ጥያቄ አቀረበ። ይህ አጭር ጥያቄ ከብዙ ገጽ ማስታወሻ ይበልጣል፤ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለውን፣ ሰሙ ለስድስት ዓመት ሲሸፍነው የኖረውን ጥያቄ አውጥቶ፣ ቍጥር ሳይሆን አንድ ሰው አድርጎ አቁሞታልና። ከ1969 መጀመሪያ ጀምሮ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ20,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሞተዋል። መውጣት እንደማይቀር ከታወቀ በኋላ የሞቱ ናቸው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ተቃራኒ ሐሳብ እንስማ። ጦሩ ከወጣ በኋላ አሜሪካን አምነው የቆሙት ምን ሆኑ? ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ሳይጎን ስትያዝ፣ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ተሐድሶ ወደሚባል እስር ቤት ተወሰዱ፤ ሌሎች ብዙ መቶ ሺሆች በጀልባ ሸሹ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በባሕር ቀሩ። ስለዚህ ወዳጅን መተው ነውር ነው ያሉት ሁሉ ሐሰተኞች አልነበሩም፤ የፈሩትም ደርሷል። ይህን የሚሸፋፍን የጦርነት ተቃዋሚ ካለ እርሱም በበኩሉ ሰም ሠርቷል።

ነገር ግን ወዳጁን የጎዳው ምን እንደ ሆነ በሚገባ ይታይ። በጃንዋሪ 27 ቀን 1973 በፓሪስ የተፈረመው ውል የሰሜኑ ጦር በደቡብ ምድር እንዳለ እንዲቀር አድርጎ የአሜሪካን ጦር አስወጣ፤ ፕሬዚዳንቱም ይህን ክብር ያለው ሰላም አሉት። የደቡቡ ፕሬዚዳንት ንጉየን ቫን ቲዩ ውሉን ቢጠሉትም፣ ውሉ ቢፈርስ አሜሪካ በሙሉ ኀይሏ ትደርሳለች የሚል የተስፋ ደብዳቤ ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ተጽፎላቸው ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በጁን 1972 ዶክተር ሄንሪ ኪሲንጀር በቤዢንግ ለቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ለጁ ኤንላይ የተናገሩት ቃል ደግሞ በኋላ ታትሞአል፤ ፍሬ ነገሩም ጦሩ ከወጣ በኋላ በቂ ጊዜ አልፎ የሳይጎን መንግሥት ቢወድቅ አሜሪካ ተመልሳ አትገባም ማለት ነው። እንግዲህ ለጠላት ወገን ወርቁ ተነገረ፤ ለወዳጅ ግን ሰሙ ተላከ። ወዳጁም ሰሙን ወርቅ መስሎት በእርሱ ላይ ተደገፈ። በጆንስ ሆፕኪንስ ንግግር ጊዜ የተጀመረው ነገር ፍጻሜው ይህ ሆነ፤ ስሙ ሰም ሆኖ ያገለገለው ያ ወዳጅ በመጨረሻ የሰሙ ዋና ተጎጂ ሆነ። እውነቱ በጊዜው ቢነገረው ለራሱ ያስብ፣ ይደራደር ወይም በጊዜ ይሸሽ ነበር።

በመጨረሻ የሚመረመረው ሚስተር ማክናማራ ራሳቸው በ1995 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። የጦር ሚኒስትር ሆነው ከ1961 እስከ 1968 ቈይተዋል፤ በኖቬምበር 1 ቀን 1967 ጦሩ እንዳይጨመርና የአየር ድብደባው እንዲቆም ለፕሬዚዳንቱ በምሥጢር ጽፈው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ከዚያም የዓለም ባንክ አለቃ ሆነው ዝም አሉ። በመጽሐፋቸው እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው እንደ ተሳሳቱ፣ በ1963 መጨረሻ ወይም በ1964 መጨረሻና በ1965 መጀመሪያ ከቬትናም መውጣት ይገባ እንደ ነበረ በግልጥ አምነዋል፤ የውድቀቱንም ምክንያቶች 11 አድርገው ዘርዝረዋል። እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም፤ በሥልጣን ከነበሩት ብዙዎቹ ይህን ያህል ስንኳ ሳይናገሩ ሞተዋል። በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ማብዛትም አንሻም።

ነገር ግን የመጽሐፉ ጉድለት ከዘገየ መውጣቱ ብቻ አይደለም፤ ምንም እንኳ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ ቢጠቀስባቸው። ዋናው ጉድለት፣ 11ዱ ምክንያቶች ሁሉ የማወቅና የመገመት ስሕተቶች መሆናቸው ነው፤ ጠላትን አላወቅንም፣ ታሪካቸውን አላጠናንም፣ ሕዝባችንን አላማከርንም ይላሉ። ጽሑፉ ስሕተቱን የዕውቀት ማነስ አድርጎ ያሳያል። የማክናውተን ማስታወሻ ግን የተጻፈው ለማክናማራ ነው። 70፣ 20፣ 10 የሚለው ቍጥር በጠረጴዛቸው ላይ ነበረ፤ ሚስተር ቦልም በፊታቸው ተከራክረዋል። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን የታወቀውን በአደባባይ መናገር ነበር። ለዝምታቸው የሰጡት ምክንያት ለፕሬዚዳንቱ መታመን ነው። መታመን መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ሹም ለሾመው ብቻ ሳይሆን በትእዛዙ ለሚሞተውም ሊታመን ይገባል። በዚያው በ1995 የቬትናም መንግሥት የሙታኑን ቍጥር ሲያስታውቅ 1.1 ሚሊዮን ተዋጊዎችና 2 ሚሊዮን ሰላማውያን ሰዎች አለ። የአሜሪካ ሙታን ከ58,000 በላይ ናቸው።

ፍርዳችንን እናጠቃልል። ከእነዚህ ጽሑፎች በአሳብ ጥራት የቦልን፣ በቃል ብልኀት የኬናንን፣ በሙሉነት የኪንግን፣ በአጭር ቃል ብዙ በመናገር የወጣቱን መኰንን እናስቀድማለን። የጆንሰንና የኒክሰን ንግግሮች አሠራራቸው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ወርቃቸው በተገኘ ጊዜ ያሳፍራል፤ ስለዚህ በቅኔ መስፈርት ወድቀዋል። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ለአሜሪካ ብቻ አይደለም። በማናቸውም አገር ጦር ይመለስ አይመለስ ተብሎ ምክር ሲያዝ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እናሸንፋለንን?» ብቻ ሊሆን አይገባም፤ «የምንቈይበት እውነተኛ ምክንያት ምንድር ነው? ይህንስ ምክንያት በሟቹ እናት ፊት መናገር እንችላለንን?» የሚል ነው። መናገር የምንችል ከሆነ ነገሩ በግልጥ ይመዘን፤ ሕዝቡም ዋጋውን አውቆ ይቍረጥ። መናገር የማንችል ከሆነ ግን መልሱ ያን ጊዜውኑ ታውቋል፤ የሚቀረው የመመለሻውን መንገድ ማሰናዳትና ለወዳጅም እውነቱን በጊዜ መንገር ብቻ ነው።

ሰም የሚሠራው በእሳት ሊቀልጥ ነው። ሠሪው ሰሙ እንዳይቀልጥ በፈለገ ጊዜ የሚነደው ሰው ይሆናል። ልብ ያለው ልብ ይበል።